መልስ የማይቀበል መምህር

በጃፓን ሀገር ፉኩዪ በሚባለው ግዛት፣ የጥድ ወገን የሆኑ ረጃጅም ዛፎች በከበቡት ሸለቆ ውስጥ፣ ኤይሄይጂ የተባለው ጥንታዊ ገዳም ይገኛል፤ በየዓመቱም ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ በረዶውም ከጣሪያው ሳይወርድ፣ ራሳቸውን የተላጩ ወጣቶች ጥቁር ልብሰ ምንኩስና ለብሰው፣ የገለባ ጫማ ተጫምተው፣ ጥቂት ጓዛቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው በበሩ ፊት ይሰለፋሉ። ከመካከላቸው ተራው የደረሰው ወደ ፊት ቀርቦ የተሰቀለውን የእንጨት ሰሌዳ በመዶሻ ሦስት ጊዜ ይመታል። ማንም አይወጣም። እጃቸውን በደረታቸው ላይ አጣጥፈው፣ ጣታቸው በብርድ እስኪደነዝዝ ድረስ፣ አንገታቸውን ሳያዞሩ ይቆማሉ። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ አንጋፋ መነኩሴ ብቅ ይልና ለምን እንደ መጡ ይጠይቃቸዋል፤ የተመለሰለትንም አይቀበልም፤ ድምፁ አነሰ፣ ቃሉ ከልብ አልወጣም፣ የመጣበትን ነገር በውል አላወቀም እያለ አንዱን ከሌላው ተራ በተራ ይገሥጻል፤ እንደ ገናም ይጠይቃል።

ሪንዛይ በሚባለው በሌላው የዜን ወገን ገዳማት ደግሞ ፈተናው ከዚህ ይረዝማል። አዲሱ መጪ የልመና ደብዳቤውን ከፊቱ አኑሮ፣ በመግቢያው ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ ግንባሩን በጓዙ ላይ ደፍቶ ሁለት ቀን ያህል ይሰነብታል፤ ቦታ እንደሌለ፣ ወደ ሌላ ገዳም ቢሄድ እንደሚሻለው ይነገረዋል፤ አንዳንድ ጊዜም እየተገፋ ከበር ይወጣና፣ ገፊው ዞር ሲል እርሱም ተመልሶ በቦታው ይደፋል። ይህን የታገሠ ወደ አንዲት ክፍል ይገባና ለጥቂት ቀናት ብቻውን በጽሞና ይቀመጣል፤ ከማኅበሩ የሚቈጠረው ከዚያ በኋላ ነው። ከልካዩም ተከልካዩም ይህ ሁሉ ከጥንት የወረደ ሥርዐት እንደ ሆነ፣ በሩም በመጨረሻ እንደሚከፈት ያውቃሉ፤ ነገር ግን ማወቃቸው ጉልበትን ከሕመም፣ ልብንም ከመጠራጠር አያድንም፤ ከደጁ ተነሥተው ወደ ቤታቸው የሚመለሱም አይታጡም።

ስለ ዜን በሀገራችን አንባቢ ዘንድ የሚታወቀው እኩሌታው ብቻ ነው፤ ይኸውም ከካራቴና ከኩንግ ፉ ፊልም የተቀዳ፣ ጢሙ የነጣ፣ በትር የያዘ፣ ጥቂት ተናግሮ ብዙ የሚያስደነግጥ የሽማግሌ ሥዕል ነው። ሥዕሉ ፈጽሞ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም፤ በትሩም አለ፣ ዝምታውም አለ። ዳሩ ግን ሽማግሌው በዚያ ቦታ ምን እንደሚሠራ አይነግረንም። ዜን የቡድሃ ሃይማኖት ክፍል ሆኖ በቻይና ያደገ፣ ከዚያም ወደ ኮሪያ፣ ወደ ቬትናምና ወደ ጃፓን የተሻገረ የጽሞና ሥርዐት ሲሆን፣ የሰው ሁሉ ባሕርይ ከመጀመሪያው ንጹሕና ብሩህ እንደ ሆነ፣ ከውጭ የሚጨመርለትም ነገር እንደሌለ ያስተምራል። እንዲህ ከሆነ መምህር ለደቀ መዝሙሩ ምን ሊሰጠው ነው? በእጁ የያዘውን እንዲያገኝ ስለ ምን በበረዶ ላይ ያቆሙታል? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የማድ ቤቱ ሹም

ይህን ጥያቄ በብርቱ ከጠየቁት አንዱ የኤይሄይጂ መሥራች ዶጌን ራሱ ነበር። በ1200 ከታላላቅ ሰዎች ወገን ተወልዶ፣ ገና ልጅ ሳለ አባቱንም እናቱንም በሞት ያጣው፣ በእናቱም ቀብር ላይ ከዕጣኑ የሚወጣውን ጢስ እየተመለከተ ዓለም ኀላፊ መሆኗን እንዳስተዋለ ታሪኩ የሚናገርለት ይህ ሰው፣ በኪዮቶ አቅራቢያ ባለው በሂየዪ ተራራ በመነኮሰ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ የቡድሃን ባሕርይ ይዞ ከተወለደ የቀደሙት ቅዱሳን ስለ ምን በብዙ ድካም ተጋደሉ ብሎ መምህራኑን ጠየቀ። የሚያሳርፍ መልስ ግን አላገኘም። በ1223 ምዮዜን ከተባለው መምህሩ ጋር ባሕር ተሻግሮ ወደ ቻይና ሄደ።

መርከባቸው ከወደብ ደርሳ ዶጌን ገና ሳይወርድ፣ ዕድሜው ስድሳን ያለፈ፣ የአንድ ተራራ ገዳም የማድ ቤት ሹም የሆነ መነኩሴ ለማኅበሩ ወጥ የሚሆን እንጉዳይ ሊገዛ ወደ መርከቧ መጣ። ወጣቱ ጃፓናዊ ሽማግሌውን በሻይ ተቀብሎ ሲያነጋግረው ደስ አለውና እንዲያድር ለመነው፤ ሽማግሌው ግን የነገው ምግብ በእጄ ነው፣ ለማደርም ፈቃድ አልተቀበልሁም ብሎ እንቢ አለ። ዶጌንም ተገርሞ፣ በዚህ ዕድሜ ተቀምጦ ከማሰላሰልና የቀደሙትን መጻሕፍት ከመመርመር ይልቅ በማድ ቤት መድከም ምን ይጠቅማል ቢለው፣ መነኩሴው ሥቆ፣ ትምህርት ምን እንደ ሆነ ገና አልገባህም የሚል መልስ ሰጥቶት፣ እንዳይመሽበት ተነሥቶ በእግሩ ጕዞውን ቀጠለ። ዶጌን ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ማድ ቤት ሹም አገልግሎት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ይህን ሰው በታላቅ ምስጋና አንሥቶታል። ማዕርግ የሌለው፣ ሊያስተምርም ያልመጣ አንድ ሽማግሌ፣ ሥራውን ትቶ ለመቀመጥ እንቢ በማለቱ ብቻ፣ የሩቅ ሀገሩን ወጣት ሐሳብ ገለበጠው፤ በዜን ታሪክ የመምህር ሥራ ጐልቶ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ የእንጉዳይ ግዢ መሆኑ፣ ለእኔ ከብዙ ሐተታ ይልቅ ነገሩን ያስረዳኛል።

ዶጌን በመጨረሻ መምህሬ ያለው ሩጂንግ የተባለውን የቲያንቶንግ ተራራ አበምኔት ነው። ሩጂንግ በሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ገደማ ከመነኮሳቱ ጋር ተቀምጦ፣ ንጋት ሳይደርስ እንደ ገና ተነሥቶ ይቀመጥ ነበር፤ እንቅልፍ የጣለውንም በጡጫው፣ አለዚያም በጫማው ይመታው ነበር። ዶጌን ከተወልን ትዝታ ግን ከድብደባው ይልቅ ልብ የሚነካው የሚከተለው ነው። አበምኔቱ በሸመገለ ጊዜ በማኅበሩ ፊት ቆሞ፣ ዕድሜዬ ገፍቶ በጎጆ ተቀምጬ ማረፍ ሲገባኝ ለእናንተ ስል በዚህ ቦታ አለሁ፣ ስለዚህም እገሥጻችኋለሁ፣ እመታችኋለሁም፣ ይህንም ሳደርግ እጅግ እፈራለሁ፣ ወንድሞቼ ሆይ በርኅራኄ ይቅር በሉኝ የሚል ቃል ሲናገር፣ መነኮሳቱ ሁሉ አለቀሱ። የሚመታ እጅ ያለው መምህር በብዙ ሀገር ይገኛል፤ ስለ መታበት ይቅርታ የሚለምን፣ ሥልጣኑም የሚያስፈራው መምህር ግን ብርቅ ነው። ዶጌን በ1227 ወደ ሀገሩ ሲመለስ ይዞት የተመለሰው ትምህርት ይህን ሰው የመሰለ ነበር፤ ስለዚህም ትክክለኛ መምህር ያላገኘ ሰው ባይጀምር ይሻለዋል እስከ ማለት ደርሷል። በ1244 የመሠረተው ገዳም የዛሬው ኤይሄይጂ ነው።

*የሚመታ እጅ ያለው መምህር በብዙ ሀገር ይገኛል፤ ሥልጣኑ የሚያስፈራው መምህር ግን ብርቅ ነው።*

በደወልና በደወል መካከል

የመምህሩ ሥራ በግልጽ የሚታየው በሪንዛይ ገዳማት፣ ሳንዜን በሚባለው የብቻ ግንኙነት ሰዓት ነው። መነኮሳቱ በጽሞና አዳራሽ እግራቸውን አጣምረው ተቀምጠው ሳለ፣ ከመምህሩ ክፍል ወገን ደወል ይሰማል፤ ሁሉም ተነሥተው ይሰለፋሉ። ተራው የደረሰ ከፊቱ ያለውን ትንሽ ደወል ሁለት ጊዜ መትቶ፣ በመተላለፊያው ተራምዶ፣ በክፍሉ ደጃፍ ላይ ሰግዶ ይገባል። መምህሩ በትንሽ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። ከእርሱ ጋር ያለው ርቀት ክንድ ያህል ነው። ደቀ መዝሙሩ የተሰጠውን ኮዋን፣ ማለትም ከጥንት አበው ነገር የተወሰደውን ጥያቄ፣ በቃል ይናገርና መልሱን ያቀርባል። መምህሩ ይመለከተዋል፤ አንዳንድ ጊዜ አንድ ቃል ይናገራል፣ ብዙ ጊዜ ግን ምንም ሳይናገር በአጠገቡ ያለውን የእጅ ደወል ያቃጭላል፤ ነገሩ አልቋል፣ ሂድ ማለት ነው። ቡድሃ ብርሃንን ያገኘበት ቀን መታሰቢያ በሚደርስበት በታኅሣሥ መጀመሪያ ሳምንት፣ መነኮሳቱ ለእንቅልፍ ጋደም ሳይሉ በሚሰነብቱበት ጊዜ፣ ይህ መግባትና መውጣት በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋገማል።

ለጀማሪ ከሚሰጡት ጥያቄዎች የታወቀው ስለ ውሻው የሚናገረው ነው። ዣዎዦ የተባለውን የቻይና መምህር አንድ መነኩሴ፣ ውሻ የቡድሃ ባሕርይ አለውን ብሎ ቢጠይቀው፣ የለውም ብሎ መለሰለት፤ መጻሕፍቱ ግን ፍጥረት ሁሉ አለው ይላሉ። በ13ኛው መቶ ዘመን ዉመን የተባለ መምህር 48 ጥያቄዎችን በአንድ መድበል ሲሰበስብ ይህን በመጀመሪያው ቦታ አኖረው፤ ከዚያ ጀምሮ ስንት ሺህ ሰው በዚህ አንድ መልስ ላይ ዓመታትን እንደ ጨረሰ የሚቈጥረው የለም።

በቅኔ ጉባኤ ቤት የዋለ ኢትዮጵያዊ ይህን ነገር ከሩቅ ያውቀዋል፤ ሌሊት ሲቈጥር ያደረውን ቅኔ ይዞ ከመምህሩ ፊት የቆመ ተማሪ፣ ያቀረበው የራሱ እንጂ የሌላ አለመሆኑ በአንድ አፍታ ሲታወቅበት የሚሰማውን ፍርሃትና ተስፋ ያስታውሳልና። ነገር ግን የቅኔው መምህር የተበላሸውን ቤት ያቀናለታል፣ አገባቡንም ያሳየዋል፤ የዜኑ መምህር ስሕተቱ በየት በኩል እንደ ሆነ እንኳ አያመለክትም፤ ደቀ መዝሙሩ ራሱ እስኪያየው ድረስ በየቀኑ ያንኑ ደወል ያሰማዋል።

ለዚህ አካሄድ ምሳሌ ሆኖ ዘወትር የሚነገረው ሃኩዊን የተባለው የ18ኛው መቶ ዘመን ታላቅ መምህር በወጣትነቱ የገጠመው ነው። በ1708 አንድ ሌሊት የሩቅ ደወል ሰምቶ ልቡ በራ፤ ወዲያውም ከሦስት መቶ ዓመት ወዲህ እንደ እኔ ያገኘ የለም ብሎ ታበየ። ይህን በግጥም ጽፎ ሾጁ ወደሚባል፣ በተራራማ ሀገር በትንሽ ጎጆ ወደሚኖር ሽማግሌ ሄደ። ሾጁ የተጻፈውን ግጥሙን ወደ ጐን አድርጎ፣ ይህ በትምህርት ያገኘኸው ነው፣ ያየኸውን አሳየኝ አለው፤ ሃኩዊን አንድ ነገር ሲመልስም አፍንጫውን ይዞ ጠመዘዘው፣ በዋሻ ውስጥ የምትኖር ምስኪን ጋኔን ብሎም ሰደበው። ወጣቱ ለስምንት ወር ያህል በየቀኑ እየቀረበ በየቀኑ ተመለሰ፤ አንድ ጊዜም ከሰገነቱ ተገፍቶ ወደቀ። ከዚያ አንድ ቀን ምጽዋት ሲለምን፣ አልሄድ ያላት አንዲት ወይዘሮ በመጥረጊያ መታችውና በዚያ ቅጽበት የተዘጋው ተከፈተለት። ሲመለስ ሾጁ ገና ከሩቅ ፊቱን አይቶ ደስ አለው። ዛሬ በጃፓን ያሉ የሪንዛይ መምህራን ሁሉ ማለት ይቻላል የትምህርት ሐረጋቸውን ወደዚህ ወደ ሃኩዊን ያደርሳሉ።

በ1916 በጃፓን አንድ ጸሐፊ ስሙን ሰውሮ፣ በገዳማቱ ለዘመናት በምስጢር ተጠብቀው የቆዩትን የኮዋን መልሶች አሰባስቦ አሳተመ። ዓላማው የዘመኑን መምህራን ማጋለጥ ነበር፤ ከቃል የተጠና መልስ ሰምተው የሚያሳልፉ ሐሰተኞች ሆነዋል ማለቱ ነው። መጽሐፉ ታላቅ ቍጣ አስነሣ፤ በኋላም በ1975 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ ለዓለም ሁሉ ተነበበ። ገዳማቱ ግን አልተዘጉም፤ ሳንዜኑም አልቀረም። መልሱን በኪሱ ይዞ የሚገባ ሰው ከማይዘው ይልቅ ፈጥኖ ደወል ይሰማል ይላሉ በዚህ ሥርዐት ያለፉ መነኮሳት፤ መምህሩ የሚመለከተው ቃሉን ሳይሆን ቃሉ የወጣበትን ሰው ነውና። ይህ እውነት በሆነበት ቤት መጽሐፉ ማንንም አልጐዳም፤ እውነት ባልሆነበት ቤት ደግሞ፣ ጸሐፊው እንዳለው፣ ለመጐዳት የሚበቃ ነገር ቀድሞውንም አልነበረም። ስለዚህም በዜን ሥርዐት የመምህሩ ዋና ሥራ መልካም አድርጎ መከልከል ነው እላለሁ፤ የማይገባውን መልስ የተቀበለ ቀን፣ ደቀ መዝሙሩን ለዕድሜ ልክ ያታልለዋልና።

ቀዩ መስመር

አንድ ሰው ግን ሌላውን አይሆንም የሚልበትን ሥልጣን ከየት ያገኛል? ትውፊቱ የሚመልሰው በሐረግ ነው። ቦዲድሃርማ የተባለ ሕንዳዊ መነኩሴ ወደ ቻይና መጥቶ ለሁዊከ አስተላለፈ፤ ሁዊከም በበረዶ ውስጥ ቆሞ ቢከለከል ክንዱን ቈርጦ የልቡን ጽናት አሳየ ይባላል፤ አምስተኛው አባት ሆንግረንም ለሁዊነንግ አስተላለፈ። ሁዊነንግ ከደቡብ የመጣ፣ ፊደል ያልቈጠረ፣ እንጨት ሸጦ እናቱን የሚጦር ድሀ ነበረ፤ በገዳሙም ሩዝ ይወቅጥ ነበር። ሆንግረን የተማሩትን ሁሉ ትቶ በሌሊት በምስጢር ወደ ክፍሉ አስጠራውና የአባትነት ምልክት የሆነውን ልብስና ጽዋ ሰጥቶ፣ ቅናተኞች እንዳይገድሉት በዚያው ሌሊት አሸሸው ይላል ታሪኩ።

የታሪክ ሊቃውንት ይህን ሐረግ እንደ ወረደ አይቀበሉትም። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ በዱንሁዋንግ ዋሻ ከተገኙት ጥንታውያን ጽሑፎች መካከል፣ ቻይናዊው ሊቅ ሁ ሺ በ1920ዎቹ በፓሪስና በሎንዶን መርምሮ ያወጣቸው እንደሚያስረዱት፣ ሁዊነንግን ስድስተኛ አባት አድርጎ ለማስታወቅ ብዙ የደከመው ሸንሁዊ የተባለው ደቀ መዝሙር ነው፤ ሰንሰለቱም በክርክር መካከል የተሠራ ነው። ይህ ግን ሐረጉን ከንቱ አያደርገውም። ከ8ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ያሉት ቀለበቶች ብዙዎቹ ዕለት ዕለት አብረው የኖሩ፣ በሌሊት የተገናኙ፣ እርስ በርሳቸው የተገሣሠጹ ሰዎች ናቸውና።

ኤይሄይጂ በሚገኝበት በሶቶ ወገን ይህ ርክክብ እስከ ዛሬ በሌሊት፣ በተዘጋ ክፍል ይፈጸማል። ደቀ መዝሙሩ ከሚቀበላቸው ጽሑፎች በአንዱ ላይ ከሻክያሙኒ ቡድሃ ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ የአበው ስም ሁሉ ተጽፎ፣ ቀይ መስመር ስሞቹን እየነካ ይወርድና በመጨረሻ ከእርሱ ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ይገናኛል። ከዚህ የበለጠ ክብር ያለው ወረቀት በማኅበሩ ውስጥ የለም፤ ስለዚህም የተበላሸበት ጊዜ ብዙ ነው። በመካከለኛው ዘመን አንድ መነኩሴ ወደ ሌላ ገዳም ሲሾም የራሱን መምህር ሐረግ ትቶ የገዳሙን ሐረግ ይይዝ ነበር፤ መስመሩ ሰውን ከሰው ማገናኘቱ ቀርቶ ሰውን ከንብረት ያገናኝ ጀመር። ማንዛን ዶሃኩ የተባለ መነኩሴ ለብዙ ዓመት ተሟግቶ በ1703 መንግሥት እንዲደነግግ አደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ርክክቡ ከአንድ መምህር ብቻ፣ ፊት ለፊት እንዲሆን ተወሰነ።

በ1872 ደግሞ የሜጂ መንግሥት መነኮሳት ቢፈልጉ ሥጋ እንዲበሉና እንዲያገቡ ፈቀደ። ካህናቱ አገቡ፣ ወለዱ፤ ደብሩም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ጀመር። ዛሬ በኤይሄይጂ በር በበረዶ ከሚቆሙት ወጣቶች መካከል ብዙዎቹ የካህናት ልጆች ናቸው፤ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ያህል ሠልጥነው ወደ አባታቸው ደብር ይመለሳሉ፤ ርክክቡንም ብዙ ጊዜ የሚቀበሉት ከወለዳቸው አባት ነው። እንዲህ ያደገ ወጣት ካህን፣ አባቱ መምህሩ መሆኑ ከባድ እንደ ሆነ፣ አባት ልጁን እንቢ ለማለት እንደሚቸገር፣ ልጅም በአባቱ ፊት ሕፃን ሆኖ እንደሚቀር ይናገራል፤ የሰፈሩ አሮጊቶች ግን የሚወዱት ካህን በመሆኑና ሙታናቸውን በሥርዐት ስለሚቀብርላቸው ከዚህ የበለጠ አይጠይቁትም። የገዳም ኑሮ ያልቀመሱት ሊቃውንት ይህን እንደ ውድቀት ይቈጥሩታል። እኔ ለመፍረድ አልቸኩልም፤ የመንደር ካህን መሆን በራሱ ትልቅ አገልግሎት ነውና። ነገር ግን የመፈተን ሥራው በዚህ መንገድ እንደ ደከመ መካድ አይቻልም።

ማዕርጉ ብቻውን ባሕር ሲሻገር

ምዕራባውያን ዜንን ያወቁት መምህሩን ሳያዩ በመጽሐፍ ነው። በ1893 በቺካጎ በተደረገው የዓለም ሃይማኖቶች ጉባኤ ሶዬን ሻኩ የተባሉት የሪንዛይ አበምኔት ተገኙ፤ ከእርሳቸው በኋላ ደቀ መዝሙራቸው ዲ. ቲ. ሱዙኪ ለብዙ ዓመታት በእንግሊዝኛ ጻፉ። አንባቢዎቹም በመጽሐፉ ውስጥ የሚያፌዝ፣ የሚመታ፣ ሕግ የማይገዛው መምህር አገኙ፤ በዙሪያው ያለውን ገዳም፣ የሌሊቱን ተነሣ፣ የማድ ቤቱን ሥራ፣ የሽማግሎችን ዐይን ግን አላዩም።

በ1959 ሹንርዩ ሱዙኪ የተባሉ የሶቶ ካህን በሳን ፍራንሲስኮ ለሚኖሩ ጃፓናውያን ደብር ሊያገለግሉ መጡ። ወጣት አሜሪካውያን እየመጡ ዜን አስተምሩን ሲሏቸው፣ እኔ በየማለዳው እቀመጣለሁ፣ መጥታችሁ አብራችሁኝ መቀመጥ ትችላላችሁ አሏቸው። ከዚህ ትንሽ ጅምር ትልቅ ማኅበር ተነሣ፤ በ1967ም በካሊፎርኒያ ተራሮች ውስጥ ታሳሃራ የተባለ ገዳም ተከፈተ። ያን ዘመን የሚያስታውሱ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ስለ ስብከታቸው ብዙ አይናገሩም፤ ድንጋይ ሲሸከሙ፣ ጫማ ሲያስተካክሉ፣ ሰው ሲሰናበቱ ያዩአቸውን ይናገራሉ። በታኅሣሥ 1971 ዐረፉ፤ ጥቂት ቀደም ብለውም ደቀ መዝሙራቸውን ሪቻርድ ቤከርን በቦታቸው ሾሙ። በ1983 ግን ቤከር ከሴቶች ጋር ባላቸው ግንኙነትና በአኗኗራቸው የተነሣ ማኅበሩ ታውኮ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በዚያው ዓመት በሎስ አንጀለስ የነበሩት ታላቁ መምህር ታይዛን ማዬዙሚ የመጠጥ በሽተኛ መሆናቸውንና ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር ያልተገባ ግንኙነት እንደ ነበራቸው በማኅበራቸው ፊት አምነው ወደ ሕክምና ገቡ። ከዚያ ወዲህም ተመሳሳይ ነገር በሌሎች ስፍራዎች ተሰምቷል።

የተጐዱትን ሰዎች የሰማ ሁሉ አንድ ነገር ደጋግሞ ያገኛል። መምህሩ ያደረገው ክፉ ሆኖ ሲታያቸው፣ ክፉ ሆኖ የሚታየኝ እኔ ገና ስላልበራልኝ ይሆናል ብለው ዝም ይላሉ። በሳንዜን ክፍል የሚገባው ትሕትና፣ መልሴ ስሕተት ሊሆን ይችላል የሚለው፣ ከክፍሉ ወጥቶ በጠቅላላ ኑሮ ላይ ሠለጠነ። መምህሩ ስለ አንድ ነገር፣ ይኸውም ስለ ደቀ መዝሙሩ ማየትና አለማየት፣ ለመፍረድ የተሰጠው ሥልጣን ስለ ገንዘብ፣ ስለ አልጋ፣ ስለ ትዳር ሁሉ እንዲፈርድ ተደረገ።

*በአንዲት ክፍል ውስጥ የሚገባው ትሕትና በጠቅላላ ኑሮ ላይ ሠለጠነ።*

ይህ የአሜሪካውያን ድካም ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ በጃፓን መምህሩን የደብሩ ምእመናን፣ ጎረቤት ካህናትና ዋናው ገዳም ይጠብቁት ነበር፣ ወደ አሜሪካ የተሻገረው ግን ማዕርጉ ብቻውን ነበር ይላሉ። ብዙ እውነት አለበት፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ስመ ጥር የሆኑ የዜን መምህራን፣ በሐረግም በገዳምም የጸኑ ሰዎች፣ ወጣቶችን ራስን መካድ ብለው ለንጉሠ ነገሥቱ ጦር እንዲሞቱና እንዲገድሉ ሰብከዋል። የሶቶ ማኅበር በ1992፣ የሪንዛዩ ታላቅ ገዳም ምዮሺንጂም በ2001 ስለዚህ በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። በዙሪያው የነበሩት ጠባቂዎች ሁሉ ከመምህሩ ጋር አብረው የተሳሳቱ ጊዜ፣ እንቢ የሚል ጥቂት ሰው ብቻ ተገኘ።

በዚህ ሁሉ መካከል የክርስቲያን አንባቢን ልብ የሚስብ ሌላ ነገርም ሆኗል። ሁጎ ላሳል የተባሉ ጀርመናዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን፣ በ1945 በሂሮሺማ በወደቀው ቦምብ ቈስለው የተረፉ፣ በጃፓን መምህራን ሥር ለዓመታት በጽሞና ተቀመጡ፤ በካማኩራ የነበሩት ያማዳ ኮዑንም ካህናትንና መነኮሳይያትን ተቀብለው አስተምረዋል፤ አንዳንዶቹንም ለማስተማር ፈቅደውላቸዋል። ክርስትናቸውን እንዲተዉ አልጠየቋቸውም። በሁለቱም ወገን ይህን የሚነቅፉ አሉ፤ የእኛም አበው ቢጠየቁ ሳይጠነቀቁ የሚያልፉት አይመስለኝም። ሆኖም የመምህሩን ሥራ ወሰን በደንብ ያሳያል፤ ያማዳ የመረመሩት የሰውየውን ማየት ነበር፤ የሃይማኖቱን ቀኖና ለራሱ ተዉለት።

መምህሩን ማን ይፈትነዋል?

ከ1983ቱ ሁከት በኋላ የሳን ፍራንሲስኮው ማኅበር አበምኔቶች ለተወሰነ ዘመን ብቻ እንዲያገለግሉ ሥርዐት ሠራ፤ በ1996ም ብላንሽ ሃርትማን የተባሉ ሴት ለዚህ ማዕርግ በቁ። ብዙ የምዕራብ ማኅበራት የመምህራን የጠባይ ደንብ ጽፈዋል፤ አቤቱታ የሚሰሙ ሽማግሎችንም መርጠዋል። አንዳንዶች ከዚህ አልፈው ሄደዋል፤ በሮቸስተር ከተማ የፊሊፕ ካፕሎ ደቀ መዝሙር የነበሩት ቶኒ ፓከር በ1981 ማኅበሩን ትተው፣ ማዕርግም ሆነ ርክክብ የሌለበት፣ አብሮ የመመርመር ቤት መሠረቱ። ለዘመናት የተቀመጡ ሽማግሌዎች ግን ይህ የነገሩን ጅማት ይቈርጣል ብለው ይፈራሉ፤ እንቢ የሚል ሰው ከሌለ ሰው በራሱ ሐሳብ እየተታለለ ራሱን ያሳልፋልና። የሥነ ልቡና ሐኪሞች ደግሞ ደንብ የሌለበት ሥልጣን መልካሙን ሰው እንኳ እንደሚያበላሽ ከሥራቸው ያዩትን ይናገራሉ። ሁለቱም ያዩት እውነት ነው፤ የመጀመሪያውን ለማዳን ሲሉ ሁለተኛውን ችላ ያሉ ማኅበራት ግን ዋጋውን በሌላ ሰው ሕይወት ከፍለዋል።

ለእኔ ከአዲሱ ደንብ ይልቅ የሚያጽናናኝ፣ ደንቡ ራሱ ከሥርዐቱ ውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አለመሆኑ ነው። በ8ኛው መቶ ዘመን ማዙ በጂያንግሺ፣ ሺቶው በሁናን ሲያስተምሩ፣ መነኮሳት ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሱ ነበር፤ ላኪዎቹም መምህራኑ ራሳቸው ነበሩ። ያዎሻን የተባለው መነኩሴ በሺቶው ዘንድ ነገሩ አልያዝ ሲለው፣ ሺቶው ያንተ ጉዳይ ከእኔ ዘንድ አይደለም ብሎ ወደ ማዙ ላከው፤ በማዙ ዘንድ በበራለትም ጊዜ ማዙ፣ መምህርህ ሺቶው ነው ብሎ መልሶ ሰደደው። ደቀ መዝሙሩን የእኔ ብሎ ያልያዘ መምህር እንዲህ ያለ ነው። ያ ስለ ውሻው የተጠየቀው ዣዎዦም መምህሩ በሞተበት ጊዜ ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኖት ሳለ፣ ከእርሱ የሚበልጥ የሰባት ዓመት ሕፃን ቢያገኝ ሊማርበት፣ ከእርሱ የሚያንስ የመቶ ዓመት ሽማግሌ ቢያገኝ ሊያስተምረው ቈርጦ በእግሩ ሀገር ለሀገር ሃያ ዓመት ያህል ዞረ፤ በአንዲት ድሀ ደብር ተቀምጦ ማስተማር የጀመረው በሰማንያ ዓመቱ ነው ይላል ትውፊቱ።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ዘወትር ሊነገር የሚገባው የጓንሺ ታሪክ ነው። ጓንሺ የታላቁ የቻይና መምህር የሊንጂ ደቀ መዝሙር ሲሆን፣ ሞሻን ወደምትባለው መነኩሲት ተራራ በሄደ ጊዜ፣ ነገሩን ካላወቀች የማስተማሪያ መቀመጫዋን እንደሚገለብጥባት ዝቶ ገባ። ጠየቃት፣ መለሰችለት፤ ጠየቀችው፣ መመለስ አቃተው፤ ሰገደላትና በአትክልት ቦታዋ ሦስት ዓመት አገለገለ። ዶጌን በ1240 ሴት መምህርትን አክብሮ መስገድ እንደሚገባ ሲጽፍ ይህን ታሪክ ከምስክሮቹ አንዱ አድርጎ አንሥቶታል። ጓንሺ በኋላ ራሱ አበምኔት በሆነ ጊዜ፣ እኩሌታውን ከሊንጂ፣ እኩሌታውን ከሞሻን እንደ ተቀበለ ለደቀ መዛሙርቱ ሳያፍር ይነግራቸው ነበር።